ወደ ገዛ ቤቴ የተላክሁ ሽማግሌ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። በየዓመቱ ጾሙ ሊገባ ሲል ፊታቸው ቀርቤ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ኖሬአለሁ፤ በሰው ላይ መቆጣቴን፣ በሰንበት መጋዝ መያዜን፣ ለደንበኛ የሰጠሁትን ቀጠሮ ማፍረሴን። ይኼኛውን ግን ከምላሴ ሥር ይዤው እመለሳለሁ። ሚስቴ አታውቅም። ልጄም አታውቅም። የመጀመሪያው ሰሚ አንተ ነህ፣ የማላውቅህ አንባቢ። ለምን አንተ? ስለማላይህ መሰለኝ። ፊቱን ለማያዩት ሰው ልብን ማፍሰስ እንዴት እንደሚቀል እኔ አውቃለሁ፤ በደሌም የጀመረው ከዚያው ነው።

አናጺ ነኝ። የምኖረው አማን ከተማ ነው። አባቴና እናቴ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ እጄን ይዘው ነው ያመጡኝ፤ ትምህርት ቤት ግን አላስገቡኝም፣ አቅሙም አልነበራቸውም። ፊደል የቆጠርሁት መጋዝ ቤት ስላላክ ምስማር ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ እጄ የገባውን ሁሉ አነበብሁ። ብቻውን የተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ማንም ስላላስተማረው ማንም የሚያርመው አይመስለውም። እኔ እንደዚያ ነኝ። ቤቴን ያስተዳደርሁት በደንብና በዝምታ ነው። ያለችኝ አንድ ልጅ ራሔል ናት። "አባባ" ብላ በ"እርስዎ" ነው የምታናግረኝ። እፊቴ የሳቀችበትን ቀን አላስታውስም። ያኔ ይህን መከበር ብዬ ነበር የምጠራው።

በከተማችን ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ማስቀመጫውን የሚያሠራው እኔ ዘንድ ነው፤ የዋንዛ፣ መሳቢያ ያለው፣ ቫርኒሹ ፊት የሚያሳይ። በእኔ ቤት ግን ቴሌቪዥን አልነበረም። "ፊልም ማለት ዓይንን ገልጦ መተኛት ነው" እል ነበር። አባባሉ የራሴ ስለሆነ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለደንበኞቼም ሳይቀር፣ ማስቀመጫውን እያስረከብሁ፣ እነግራቸው ነበር። እነሱም ይስቃሉ፤ የምቀልድ ይመስላቸዋል።

አንድ ቀን አንዲት መምህርት ቤት ማስቀመጫ አድርሼ ከግድግዳው ጋር ሳስተካክል፣ "እርስዎ የራሔል አባት አይደሉም?" አለችኝ።

"ነኝ።"

"ትናንት እኮ በሳቅ ልትጨርሰን ነበር" አለችና ስልኳን ከፍታ እያየች ብቻዋን ሳቀች።

የእኔ ልጅ ሰው ታስቃለች? የት? በምን? መምህርቷን አልጠየቅኋትም። መጠየቅ አለማወቅን ማሳየት ነው ብዬ የማምን ሰው ነበርሁ። ማታ ቤት ስገባ ራሔልንም አልጠየቅኋትም። እዚህ ላይ ቆም በል፣ አንባቢ። አንድ ጥያቄ ነበር የሚያስፈልገው፤ "ልጄ፣ ምን እየሠራሽ ነው?" የሚል። እኔ ግን ከምጠይቅ ልሰልል መረጥሁ።

ለመሰለል ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። "ካየን በኋላ" ይላል ርእሱ። "ፊልም ወይም ድራማ አይታችሁ ስትጨርሱ ብቻችሁን አትቅሩ። በቴሌግራም ፈልጉን።" ጽሕፈቱ የልጄ ነው፤ የ"ካ"ን እግር እንደዚያ አድርጋ የምታረዝመው እሷ ናት። መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ገዛሁ። ሌላ ሲም አወጣሁ። ቴሌግራምን ማንም ሳያሳየኝ፣ እየሳትሁ እያረምሁ፣ በሰጋቱራ ላይ ተቀምጬ ተማርሁት። ስም ሲጠይቀኝ "ጋሼ ታደሰ" ብዬ ጻፍሁ። ቴፒ የምኖር፣ ቡና መጋዘን ጠብቄ ጡረታ የወጣሁ፣ ሚስቴ የሞተችብኝ፣ ልጆቼ የራቁብኝ ሽማግሌ ሆንሁ። አባላቱ በብዛት የሚነጋገሩት ድምፃቸውን እየቀዱ ስለነበር፣ እሷ የእኔን እንዳታውቀው ጉሮሮዬን ታምሜ መናገር እንደሚከብደኝ አስታወቅሁ። ይኸው፣ ገና ከመግባቴ ስንት ዋሸሁ?

የሆነውን ሁሉ በትክክል መናገር ስላለብኝ ያየሁትን እናገራለሁ። እኔ እዚያ ቤት ውስጥ ኃጢአት ፍለጋ ነበር የገባሁት። ያገኘሁት ሥራ ነው። ራሔል ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ስትጠብቅ የከፈተችው ቡድን ነበር። በየሳምንቱ አንድ ፊልም ወይም የአንድ ተከታታይ ድራማ ክፍል ይመርጣሉ። ኢንተርኔት የማይደርሰው ሰው እንዳይቀር ፊልሙን በፍላሽ ቀድታ ቦጋለ ለሚባል የሚኒባስ ሹፌር ትሰጠዋለች፤ እሱም አንዱን ሸኮ ለአንዲት ነርስ፣ ሌላውን ቴፒ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያደርሳል። እሑድ ከሰዓት ሁሉም ያየውን ይናገራል። "መጀመሪያ ያያችሁትን፣ ቀጥሎ የተሰማችሁን፣ ፍርዱን መጨረሻ ላይ" የሚል ደንብ አውጥታ ነበር። ሌሎች ሳያዩ መጨረሻውን የሚያወጣ ሰው ሳምንቱን ዝም እንዲል ይፈረድበታል። አማርኛ የማይቀናው በቤንችኛ ወይም በሸኮኛ ይናገራል፤ እሷ የሚተረጉም ሰው ትፈልጋለች፤ ሳይተረጎም የሚቀር ንግግር አልነበረም። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ድምፅ መቅዳት አይቻልምና "ዘነበ፣ ቆዩኝ" ብለው ይጽፋሉ፤ ሁሉም ይጠብቃል። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ እጃቸው እስኪፈታ ትታገሣለች። እኔ ቤቴ ውስጥ እንደዚያ ሰውን ጠብቄ አላውቅም።

እና ታስቃለች። መምህርቷ ልክ ነበረች። ቦጋለ አንድ እሑድ ድራማውን ሳያይ ያየ መስሎ ሲዘበዝብ፣ "ቦጌ፣ አንተ የነገርኸን ድራማ ከእኛው ይሻላል፤ እሱን ላክልን" አለችው። እሱም ወደ እኔ ዞሮ፣ "ጋሼ ታደሰ፣ እባክዎ ይቺን ልጅ ይቆጡልኝ፤ አባቷ ሳይቀጣት ነው ያሳደጋት" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም መላጊያዬን አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። የልጄን ድምፅ ሲስቅ የሰማሁት እንደ ሌባ ተደብቄ ነው።

ከዚያ አንድ ፊልም መጣ፤ በዚያችው በተሰነጠቀች ስልክ አየሁት። ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ልጁ ከዓመታት በኋላ ሊጠይቀው ሲመጣ የሚናገረው ያጣል፤ ልጁ ሲተኛ ተነሥቶ ጭቃ የነካ ጫማውን ይጠርግለታል። ሌላ ነገር የለውም ፊልሙ። አባላቱ ሽማግሌውን ረገሙት። ደረቅ ነው፣ ድንጋይ ነው አሉ። እኔ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ "ዝም ያለው ስላልወደደው አይደለም። የመጀመሪያዋን ቃል የሚያስተምረው አላገኘም።"

ራሔል ለብቻዬ መለሰችልኝ። "ጋሼ፣ ይህን ደጋግሜ አነበብሁት። አባቴን አስታወሱኝ። እንደዚያ ከሆነ ደስ ባለኝ።"

ያን ዕለት ሱቄን ዘግቼ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ። ልጄ የኔን ዝምታ ትርጉም የማታውቀውን ሰው እየጠየቀች ነበር፤ መልሱም እኔ ዘንድ ነበር። ሄድሁ? አልሄድሁም። ይልቅ ታደሰ ሆኜ ጻፍሁላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሷ የምጽፈው ሁሉ ለዛ አገኘ። ስለ ሥራ ማጣቷ ስታማርር አጽናናኋት። ስትተክዝ አሳቅኋት። "ልጄ" እላታለሁ፤ በቤቴ "አንቺ" ከማለት በቀር ልጄ ያልኋት መቼ እንደሆነ አላውቅም። ማታ ቤት ገብቼ ከፊቷ ስቀመጥ ግን አንገቴ ይደነድናል፤ "መብራቱን አጥፊ" እላለሁ፤ "ምግቡ ጨው በዛበት" እላለሁ። ቀን የጻፍሁላትን ያህል ማታ መናገር ለምን አቃተኝ? ይህን ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። ያገኘሁት መልስ አያኮራም። ታደሰ ብትታዘበው የሚያጣው ነገር አልነበረውም። እኔ ግን እንዳልታይ ሆኜ ነው የኖርሁት።

አሁን ወደ በደሉ ልምጣ። እስካሁን ያልሁት ሁሉ ነውር ነው፤ በደሉ ግን ገና ነው።

ከአባላቱ አንዱ የቡድኑን ውይይት ለአንዲት አዲስ አበባ ያለች አስተማሪ አሰምቷት ኖሮ፣ ሴትዮዋ ራሔልን አገኘቻት። ድራማ መጻፍ የምታስተምር ናት። የአንድ ዓመት ሥልጠና አለ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ፣ ማደሪያም ከሴት ተማሪዎች ጋር ይሰጥሻል፣ ቡድንሽንም ከዚሁ ሆነሽ ታሰፊዋለሽ አለቻት። ልጄ ይህን ለእኔ ለአባቷ አልነገረችኝም። ለታደሰ ነገረችው። ከዚያም እንዲህ ጻፈችለት፤

"ጋሼ፣ ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ብዬ ነው። አባባ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን እኔ ስናገር እንደ ልጅ ጩኸት ነው የሚሰሙት። አጎት የለኝም። እኩያቸው የሆነ ሰው፣ የተከበረ ሰው ቢነግራቸው ይሰሙ ይሆናል። እርስዎ ጉሮሮዎን ታመዋል፣ መምጣትም አይችሉም፤ በደከመ ድምፅም ቢሆን ቢደውሉላቸው ግን ይበቃኛል። እርስዎ ያሉትን እቀበላለሁ።"

ከሥሩ የስልክ ቁጥር ላከችልኝ። የራሴ ቁጥር ነበር።

ሽማግሌ ማለት ምን እንደሆነ ላንተ ማስረዳት አይገባኝም። በሁለት የተጣሉ ወገኖች መካከል የሚቆም፣ ወደ አንዱ ቢያዘነብል እግዜር የሚጠይቀው ሰው ነው። ሽማግሌ የላከ ሰው ደግሞ የመጣለትን ቃል ይቀበላል፤ ቃሉ ቢመረውም ሌላ ሽማግሌ ፍለጋ አይሄድም፤ የላከውን ማዋረድ ነውና። ልጄ ይህን ሕግ የተማረችው ከእኔ ነው። እኔ ራሴ በስንት ቤት ለዕርቅ ተቀምጬአለሁ፤ ስንቱን "የሽማግሌ ቃል ጥሰሃል" ብዬ ገሥጬአለሁ።

በቀጣዩ ቀን እራት ላይ ዓይኗ ከፊቴ አልነቀል አለ። ጉርሻዋን ይዛ ታየኛለች፤ መልሳ ታስቀምጣለች።

"አባባ፣ ዛሬ የደወለልዎ ሰው አለ?"

"ከቴፒ አንድ ሽማግሌ ደውሎ ነበር።"

"የቴፒው ማነው ደግሞ?" አለች እናቷ።

"አንቺን አይመለከትሽም።"

"ምን አሉ?" አለች ራሔል። ድምፅዋ ቀጠነ።

"ለላከው ሰው ይነግራል። ሽማግሌ በመሀል አይጠየቅም።"

አየህ? ሕጉን እየጠቀስሁ ነበር የማፈርሰው። በሰሃኑ ማዶ ተቀምጣ የነበረችውን ልጄን የልቧ ምት እስኪሰማኝ ድረስ እያየሁ፣ ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛም ሆኜ እራቴን በላሁ።

በማግሥቱ ሱቅ ሄጄ ታደሰን ሆንሁና ፈረድሁ። እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ "ልጄ፣ ጉሮሮዬ እስከቻለ ድረስ ከአባትሽ ጋር ተነጋገርን። እንዳልሽው ክፉ ሰው አይደለም። ሐሳቡን ሰማሁት፤ እውነት ያለው ከእሱ ጋር ነው። ይህ ጊዜ ሴት ልጅ ብቻዋን ከተማ የምትወጣበት አይደለም። ሥልጠናው ይቅርብሽ። ቡድኑንም ለጊዜው ተዪውና ከአባትሽ ሱቅ ተቀምጠሽ ሥራውን አግዢ። ይህን የምልሽ ስለምወድሽ ነው።"

ለምን አደረግሁት? ለረጅም ጊዜ ለራሴ የነገርሁት ምክንያት ከተማው ያበላሻታል የሚል ነበር። ውሸት ነው። አስተማሪዋ ጨዋ ሴት እንደሆነች ራሔል የላከችልኝ ሁሉ ያስረዳ ነበር። እውነቱን ልንገርህ። ብትሄድ ለታደሰ መጻፍ ታቆማለች ብዬ ፈራሁ። እዚያ የሚሰማት ሰው ታገኛለች፤ እኔ ከአንድ ባዶ ክፍልና ከአንድ የተሰነጠቀ ስልክ ጋር እቀራለሁ። ይህ አንዱ ነው። ሌላው ይብሳል። ዕድሜዋን ሙሉ የታዘዘችኝ ፈርታ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ወድዳኝ ስትታዘዘኝ ማየት ፈለግሁ። ታደሰን ትወደው ነበር። ስለዚህ በታደሰ አፍ አዘዝኋት።

ቀኑ ውሎ ሲመሽ፣ "እሺ ጋሼ" የሚል መጣ። "ሽማግሌ ልኬ ቃሉን አልጥስም። ስለ ደከሙልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ታዘዘችኝ። የፈለግሁትን አገኘሁ።

እሑድ ለቡድኑ ተሰናበተች። ምክንያቱን አልነገረቻቸውም። ቦጋለ፣ "ማን ሞተ? እንቀጥል እንጂ፣ ፊልሙን እኔ እመርጣለሁ" አለ፤ መረጠም። ፍላሹን የሚቀዳ ግን አልነበረም። የሸኮዋ ነርስ አንድ ሁለት ጊዜ "ራሔልዬ፣ ደኅና ነሽ?" እያለች ድምፅ ላከች። አንድ ቡና ለቃሚ ሰው በቤንችኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ፤ የሚተረጉም አልተፈለገለትም፤ ማንም አልመለሰለትም። እኔ ያን ድምፅ አዳመጥሁት፤ ይህን ያህል ዘመን እዚህ አገር ኖሬ የገባኝ አንድ ሁለት ቃል ነው። ሰውየው ሲጨርስ ትንሽ ቆይቶ፣ የሚሰማው እንዳለ ለማጣራት ይመስል፣ "እ?" አለ። እነዚያን ሁሉ ሰዎች የበተንኋቸው እኔ ነኝ። እሑድ ከሰዓት የሚያነጋግረው ያገኘ ሰው በዚህ አገር ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ እያወቅሁ በተንኋቸው።

ራሔል ሱቅ መጣች። ደንበኛ ታስተናግዳለች፣ ሳንቃ ታስለካለች፣ ስትጠራ ትመጣለች። ቅር ያላት አትመስልም፤ ደስ ያላትም አትመስልም። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ጠፋ፤ ምን እንደነበረ ያወቅሁት ሲጠፋ ነው። አስተማሪዋ ቦታውን ለሌላ ሰጠች። እናቷ የሆነ ነገር ተጠራጥራ፣ "ልጅቱ ምን ሆነችብኝ?" ብትለኝ፣ "ሰው ሆነች" አልኋት። እንደዚያ ብዬ መለስሁላት።

ልጄ ለታደሰ መጻፏን አልተወችም። ቁጥብ ሆነች እንጂ ሰላምታዋ አልቀረም። ጉሮሮዎ እንዴት ነው ትለዋለች። እኔም አጠገቧ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው የዕቃ ክፍል ውስጥ ገብቼ እመልሳለሁ። ስልኳ ከፊት ለፊት ጢን ሲል ይሰማኛል። ስታነበው ትንፋሽዋ ይሰማኛል። ይህን ያህል ቀርቤአት አላውቅም ነበር። ይህን ያህልም ርቄአት።

አንድ ቀን፣ "ጋሼ፣ ለማርያም ቴፒ እመጣለሁ፤ ቦጋለ ይወስደኛል፤ ማርና ቅቤ ይዤ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ፤ ቤትዎን ያመልክቱኝ" የሚል ጻፈችልኝ። አትምጪ ብላት ምክንያት ትጠይቃለች። የሌለ ቤት ማመልከት አይቻልም። ያን ጊዜ እውነቱን መናገሪያ በር ተከፍቶልኝ ነበር። መጋረጃውን ገልጬ ሦስት እርምጃ ብራመድ ከፊቷ እደርስ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛዋ ላይ ማኖር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። መጋረጃውን ያዝሁት። ለቀቅሁት።

ታደሰን ገደልሁት። በእሱው ስልክ፣ ልጁ ነኝ ብዬ ጻፍሁ፤ "አባታችን አርፈዋል። ቀብራቸውም ተፈጽሟል። ስለ እርስዎ ብዙ ጊዜ ያነሡ ነበር።"

ከፊት ለፊት ስልኳ ጢን አለ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ እንደ ለቅሶ አልነበረም፤ የከበደ ዕቃ ሲያስቀምጡ የሚወጣ ድምፅ ይመስላል። ወጥቼ፣ "ምን ሆንሽ?" አልኋት። እግዜር ያሳይህ፣ ምን ሆንሽ አልኋት።

"ጋሼ ታደሰ ሞቱ" አለች። "ያኔ የደወሉልዎ።"

"ነፍስ ይማር" አልሁ።

ቴፒ ሄዳ ልታለቅስ ፈለገች። ከተቀበረ ምን ያደርግልሻል ብዬ ከለከልኋት። ቤት ተቀመጠች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥቁር ለብሳ ተቀመጠች። ጎረቤት መርዶ ሰምቶ መምጣቱ አይቀርም፤ መጡ። "ምንሽ ነበሩ ልጄ?" ሲሏት፣ "አባት ሆነውኝ ነበር" ትላለች። አሮጊቶቹ ወደ እኔ ይመለከቱና የማን ዘመድ እንደሆነ ግራ ይገባቸዋል። እኔ በሠራሁት አግዳሚ ላይ፣ የቤቱ አባወራ ነኝና በራፉ አጠገብ ተቀምጬአለሁ። ገቢው ሁሉ እጄን እየያዘ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ይለኛል። "አሜን፣ እናንተንም" እላለሁ። ቦጋለ መኪናውን አቁሞ መጣ። "አንድም ቀን ድምፃቸውን አልሰማንም" አለና አለቀሰ። ያ ቀልደኛ ሰው እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "እርስዎ ግን በስልክ አናግረዋቸዋል አይደል? ድምፃቸው እንዴት ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

"እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ነው" አልሁት።

ራሔል ቀና ብላ አየችኝ። ቀንታብኝ ነበር። ድምፁን ስለሰማሁ ቀንታብኝ ነበር።

ብዙ ሰው ሲናዘዝ መጨረሻው ላይ ጥሩ ነገር ያስቀምጣል፤ ልጅቱ ሄደች፣ ሰው ሆነች፣ ሁሉም ለበጎ ነበር ይላል። እኔ የማስቀምጠው የለኝም። እናቷ እንደገና እንድታመለክት ስትገፋፋት "አሁን ለምን?" አለች። ቡድኑ ባዶ ነው። ልጄ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣለች። ሙሾም ሆነ ሳቅ አይሰማባትም። ስጠራት "አቤት አባባ" ትላለች።

አርባው ሲቃረብ ወደ እኔ መጣች። ነገር ልትጠይቀኝ ነበር፤ በራሷ መጥታ ስትጠይቀኝ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

"አባባ፣ ለጋሼ ፍታት ላስደርግ ነበር። ካህኑ የክርስትና ስም አምጪ አሉኝ። እኔ አላውቀውም። ሲነጋገሩ አልነገሩዎትም?"

ታደሰ የክርስትና ስም የለውም። ካልተወለደ ሰው የክርስትና ስም ከየት ይመጣል? አንድ ስም ፈጥሬ ልሰጣት አፌን ከፈትሁ። አልቻልሁም። ለእግዚአብሔር የሐሰት ስም ማቅረብ ፈራሁ። ልጄን መዋሸት ያልፈራሁ ሰው፣ እሱን ፈራሁ።

የራሴን የክርስትና ስም ነገርኋት። የእኔን አታውቀውም፤ ጠይቃኝ አታውቅም። እንዳትረሳው ደጋግማ እየጠራችው ሄደች።

በዕለቱ ቤተ ክርስቲያን ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ሻማ ያዘች። ካህኑ የሙታኑን ስም እየጠሩ ሲመጡ የእኔ ላይ ደረሱ፤ ነፍሱን ያሳርፍ አሉ። ልጄ እንባዋን ጠረገች። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም አሜን አልሁ። ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልሁት ሰው ያለቅስልኛል እንጂ አያውቀኝም።